በውሃ ያልወጣው ቀለም

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ሻርጃ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ፎቶ ላከችልኝ። ጠቆር ያለ፣ የተጣመመ ደረቅ ሥር ነው። ቅመም ከሚሸጥበት ሱቅ ገዝታው ነው። "ጋሼ፣ ቀቅለው ሲጠጡት ለሆድ ፍቱን ነው አሉኝ። ልጠጣው?" ትላለች። በፎቶ መድኃኒት መለየት ሞኝነት ስለሆነ፣ ጣቷን ዘይት ነክራ ሥሩን እንድታሸው ነገርኳት። ጣቷ ደም መሰለ። ሣቄ መጣ። እኔና ይሄ ሥር የቆየ ትውውቅ አለን።

ለእሷ የመለስኩትን ለእናንተም ልጻፈው። ፋርማሲ ወይ ኬሚስትሪ የምትማሩ አላችሁ። "ይህን ቅጠል ጠጡ" የሚል ቪዲዮ የምትቀባበሉም አላችሁ። ለሁላችሁም ይሆናል።

ወጣት ፋርማሲስት ሆኜ እዚያው ኤምሬትስ፣ አል ዓይን ከተማ ተቀጥሬ ነበር። እዚያ ክረምቱ የእኛ በጋ ነው። ያቺ ጥቂት ዝናብ ስትጥል፣ ሞተ ያልኩት አሸዋ በሳምንታት ውስጥ ይለመልማል። በአንድ የዕረፍት ቀን ስንሸራሸር ትናንሽ ቢጫ አበባ ያላት ተክል አየሁ። ግንዷም ቅጠሏም ሻካራ ጠጉር ለብሷል፤ ስትነካት ትቧጥጣለች። ሳይንሱ አርኔቢያ ይላታል። ከነሥሯ ነቅዬ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ከተትኳት። በማግስቱ ስገልጠው ገጾቹ በወይን ጠጅ ቀለም በስብሰዋል። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ተክል እያደረቁ የሚያስቀምጡ ሰዎች ይህን ጣጣዋን አሳምረው ያውቁታል።

እኔም ቀለሙን ላወጣ ተነሣሁ። ዲግሪ አለኝ፣ ምን ያቅተኛል? በሚቀጥለው ዕረፍት ጥቂት ሥሮች ነቅዬ፣ ውሃ ጥጄ ግማሽ ሰዓት ቀቀልኩ። የወጣው ደብዛዛ፣ ጭቃ የመሰለ ውሃ ነው። እሱንም "ባህላዊ መድኃኒት ነው" ብዬ ሁለት ስኒ ጠጣሁ።

ነገሩን ለአንዲት አሮጊት ደንበኛችን በተሰባበረ ዓረብኛዬ አጫወትኳቸው። ተክሏን "ከሂል" አሏት፤ ለጆሮዬ የእኛን ኩል መሰለኝ። ከዚያ እስኪበቃቸው ሣቁብኝ። ልጅ ሳሉ የሥሩን ልጣጭ ጉንጫቸውን ለማቅላት ይጠቀሙበት እንደነበር ነገሩኝ። ሲወጡ በር ላይ ቆመው አንዲት ቃል ጣሉልኝ፦ "ሰምን።" ቅቤ ማለት ነው። ማታ አንድ ማንኪያ ቅቤ አቅልጬ ቁራጭ ሥር ጣልኩበት። ዓይኔ እያየ ቀላ። የእንሶስላ ሥር ቀጥቅጠው እጅና እግራቸውን የሚያቀሉ እናቶች መካከል ያደግኩ ሰው፣ እነሱን መጠየቅ ሳይማር ፋርማሲስት ሆኗል።

የቀለሙ ምስጢር ይኸው ነው። ሺኮኒንና አልካኒን የሚባሉ ሁለት ውህዶች ናቸው፤ ልክ እንደ ቀኝና ግራ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። በሥሩ የላይኛ ቅርፊት ይከማቻሉ። ቅባት ይወዳሉ፣ ውሃ አይወዱም። ስለዚህ የምሥራቅ እስያ የቆዳ ቅባቶች ሥሩን በዘይት ያስለቅቃሉ። ሃናኦካ ሴይሹ የሚባለው ጃፓናዊ ቀዶ ሐኪም ያዘጋጀው የቃጠሎና የቁስል ቅባት የሰሊጥ ዘይትና ሰም ነበረበት። እሱ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። የውህዱን ስም ገና ማንም አያውቅም ነበር።

ስሙን ያወጡት ሌሎች ናቸው። ሴት ተማሪዎቼ ሆይ፣ ቺካ ኩሮዳን እወቋት። እ.ኤ.አ. በ1884 ተወልዳ፣ ጃፓን ውስጥ ሴት ዩኒቨርሲቲ መግባቷ እንደ ጉድ በሚታይበት ዘመን ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ1916 በሳይንስ ዲግሪ በማግኘት በአገሯ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ያጠናችው የዚህችኑ ተክል ዘመድ ሥር ነው፤ የመኳንንቱ ሐምራዊ ልብስ የሚነከርበትን። የእኔ ደብተር ላይ የተንጣለለው ቀለም ለእሷ የምርምር ሕይወት መነሻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ጃፓኖች ሥሩን ከመሬት ሳይነቅሉ የተክሉን ሕዋስ ትልቅ ጋን ውስጥ አራብተው ቀለሙን ለከንፈር ቀለም አዋሉት። መንቀል ቀላል ነገር አይደለም። ሥር የተነቀለ ተክል አለቀለት፤ ሂማላያ ላይ የአርኔቢያ ዘመዶች በዚሁ ምክንያት ተመናምነዋል። እኔም ያኔ ስንቱን እንደነቀልኩ አልቆጠርኩም።

ወደዚያ ሁለት ስኒ ልመለስ። ይህ የተክል ቤተሰብ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ ይይዛል። ይህኛው፣ በተለይ አንዱ መልኩ፣ ውሃ ውስጥ ደህና ይሟሟል። ነገሩ ገባችሁ? ስቀቅለው የፈለግኩትን ሥሩ ውስጥ ትቼ፣ የማልፈልገውን ጠጣሁ ማለት ነው። መርዙ ያን ዕለት አያምም። ቀስ እያለ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋል። አንዴ ብቻ ስለሆነ ጉበቴ ይቅር ብሎኛል።

ሩቅ የሚመስላችሁ ካላችሁ ትግራይን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ፃዕዳ እምባ፣ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ ይሞቱ ጀመር። ለዓመታት "ያልታወቀው የጉበት በሽታ" ተባለ። እርግማን ነው ያሉም ነበሩ። ኋላ ሲጣራ ምክንያቱ አጌራተም የሚባል አረም ሆኖ ተገኘ። ከእህሉ ጋር ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይበላል። አረሙ ከአርኔቢያ ቤተሰብ አይደለም፤ የመርዙ ዓይነት ግን ያው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ነው።

ስለዚህ "ቅጠል በጣሽ" ብሎ የሚያናንቅም፣ "ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም" ብሎ የሚሰብክም አይጣመኝም። ሁለቱም ሳይጠይቁ ነው የሚናገሩት። እኔ ብሆን ሥር ሲያቀብሉኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የትኛው ተክል ነው? በምን ይወጣል፣ በውሃ ወይስ በቅባት? የሚዋጥ ነው ወይስ የሚቀባ? ሻጩ መልስ ከሌለው ሥሩን መልሱለት። የሚያውቅ ሰው ባገኛችሁ ጊዜ ደግሞ፣ ፊደል ባይቆጥርም፣ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። ያቺን አሮጊት አንድ ከሰዓት ብቻ ነው ያወራኋቸው። ይቆጨኛል።

የእህቴ ልጅ ትናንት ደወለች። አልጠጣችውም። እንደኔ ቀለሙን ልየው ብላ ቁራጩን ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ጣለችው። ታዲያ ነጠላዋ ላይ ተንጠባጠበባት። በሳሙና ስታሸው ቀዩ ወደ ሰማያዊ ዞረ።

"ጋሼ፣ ነጠላዬን ተወው። ግን ለምን ሰማያዊ ሆነ?"