ለማን ልንገር?

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት ወጣት የሂሳብ ሠራተኛ «አለቃዬ ሲሰርቅ ባይ ለማን ልንገር?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ከብዙ ዓመታት በፊት በውስጥ ኦዲት ክፍል አብሮኝ የሠራ ልጅ አስታወሰኝ።

ልጁ ከወረቀት ውስጥ ነገር የሚያወጣ ዓይን ነበረው። አንድ ቀን ለዕቃ ግዥ የቀረቡ ሦስት ፕሮፎርማዎችን፣ ማለትም የተወዳዳሪ ሻጮችን የዋጋ ማቅረቢያዎች፣ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ። ድርጅቶቹም ማኅተሞቹም የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱ ዕቃ ስም ግን በሦስቱም ላይ በአንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ተጽፏል። ሦስቱም ከአንድ እጅ ወጥተዋል ማለት ነው፤ አሸናፊው አስቀድሞ ታውቋል፤ ሁለቱ አጃቢዎች ናቸው። ያን ጊዜ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ያለው አለቃው ጸሐፊ ዘንድ ብቻ ነበርና ቅጂ ሳያስቀር ዋናውን ሰነድ ይዞ አለቃው ቢሮ ገባ። ሰነዱ ከዚያ ክፍል አልወጣም። ብዙም ሳይቆይ ልጁን ንብረት ክፍል አዛወሩት፤ ደብዳቤው «ለሥራው ቅልጥፍና» ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። በመጨረሻ ለቀቀ። ዕቃውም በዚያው ዋጋ ተገዛ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከገንዘቡ ይልቅ እንዲያ ያለ ኦዲተር ከሙያው መውጣቱ ነው።

አትስረቁ ብዬ አልመክራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት እንኳ በአንቀጽ 33 አገሮች ለጠቋሚዎች ጥበቃ ማድረግን እንዲያስቡበት ይጠይቃል እንጂ አያስገድድም። ስለዚህ ብቻችሁን አትግቡ። እናንተ ደግሞ ማስረጃው ሳይሟላ በስልካችሁ ትለቁታላችሁ፤ ይህ ችኮላ ሌባውን ያነቃዋል። ታገሡ እላለሁ፤ ግን በትዕግሥት ስም ስንት መዝገብ ተዘግቶ እንደቀረ ሳስብ ጩኸታችሁን መንቀፍም ይከብደኛል።

ደግሞም በአደባባይ የወጣ ቁጥር ጉልበት አለው። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከተመደበው የሥራ ማስኬጃ ድጎማ በአማካይ የደረሳቸው 13 በመቶው ብቻ እንደነበር ጥናት አሳየ። ከዚያ በኋላ የተላከው ገንዘብ በጋዜጣ ይወጣ፣ በየትምህርት ቤቱም ይለጠፍ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ድርሻው ከ80 በመቶ አለፈ። ሌሎች የቁጥጥር ለውጦችም አግዘዋል፤ ቢሆንም ወላጅ የሚጠብቀውን መጠን ሲያውቅ መሐል ላይ ማስቀረት ይከብዳል።

ለማን ለሚለው፦ የተጠቆመው ሰው ለማያዝዘው አካል ስጡ። ቅጂውን ከቢሮ ውጭ አኑሩ፤ ቀን የተጻፈበት የመረከቢያ ፊርማ ሳትቀበሉም አትውጡ።