ኬለር ጥፋተኛ ነው ወይስ አባት ብቻ?

ወንድሜ፣ «ፕሪዝነርስ» የሚለው ፊልም ላይ ኬለር ጥፋተኛ ነው ወይስ ያደረገው ማንም አባት የሚያደርገውን ነው ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ ጥፋተኛ ነው ባይ ነኝ። ልጁ ጠፍታበታለች፤ አንጀቱ ቢያርር አልፈርድበትም። ግን ልጅቷን ወስዷል ብሎ የጠረጠረውን አሌክስን አፍኖ ባዶ ቤት ውስጥ ሲያሰቃየው በእጁ የነበረው ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። በኋላ ሲጣራ ደግሞ አሌክስ ራሱ በልጅነቱ የተሰረቀ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ይሄ እስካሁን ያመኛል።

ጸሎቱን ልብ ብለህ እየው። ፊልሙ የሚጀምረው በ«አባታችን ሆይ» ነው፤ የኬለር ልጅ አጋዘን ሊተኩስ አነጣጥሯል። በኋላ ኬለር ያንኑ ጸሎት ይደግመዋል። «በደላችንን ይቅር በለን» ይላል። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ሲደርስ አፉ ይተሳሰራል። የሚያደርገውን ያውቃል ማለት ነው።

የነፍራንክሊንም ነገር አይረሳ፤ የእነሱም ልጅ አብራ ጠፍታለች። ሚስቱ ናንሲ ኬለርን አንረዳውም፣ አናስቆመውምም ትላለች። የእነሱም እጅ ንጹህ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ኬለር ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ፊሽካ ሲነፋ፣ መርማሪው ሎኪ ጆሮውን ያቀናል፤ ፊልሙም እዚያው ያልቃል። እኔ አውጥቶታል ብዬ አምናለሁ። ከወጣ እስር ቤት ይጠብቀዋል፣ መግባትም አለበት።