የትኛው የእንግሊዝ ሀብታም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ ከደሴ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደላንታ ልጅ ነኝ። አሁን ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኦፓል እቆርጣለሁ። የአክስቴ ልጅ ለንደን ይኖራል። እኔ የቆረጥኩትን እሱ ብር ላይ እያስገጠመ የጆሮና የአንገት ጌጥ አድርጎ ይሸጣል። እስካሁን የገዙን የሚያውቃቸው ሰዎች ብቻ ናቸው። ሰሞኑን አንድ ሰው ደውሎ «የሀብታሞች መጽሔት ነን፤ ግማሽ ገጽ በሁለት ሺህ ፓውንድ እንስጣችሁ፤ እስከ ዓርብ ካልከፈላችሁ ቦታው ያልቃል» አለው። ተበድረን እንክፈል? ለእንግሊዝ ሀብታም የሚሆነው መጽሔትስ የትኛው ነው? አንቱ እዚያ አገር መጽሔት ሲሸጡ ስለኖሩ ያውቁታል ብዬ ነው።
ኦፓል ቆራጩ

መልስ፦ እንዳትከፍሉ። ተበድራችሁማ ጭራሽ። ዛሬውኑ ለአክስትህ ልጅ ደውልለት። «እስከ ዓርብ» የሚል ሻጭ ሰኞ ገበያም ሞልቷል፣ ለንደንም ሞልቷል። ዓርብ ካለፈ በኋላ መልሶ ይደውልለታል፤ ዋጋውንም ይቀንስለታል።

የመጽሔቱን ስም አልነገርከኝም፤ ባትነግረኝም ግድ የለም። ሰውየውን አንድ ነገር ጠይቁት። እንግሊዝ አገር ኤቢሲ የሚባል የጋዜጣና የመጽሔት ስርጭት የሚያረጋግጥ ድርጅት አለ። ከ1931 ጀምሮ ነው የሚሠራው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።) «የኤቢሲ ማረጋገጫችሁን ላኩልን» በሉት። ካለው በደቂቃ ይልከዋል። ከሌለው ወሬ ያበዛል። ስንት ኮፒ አተማችሁ ብቻ አትበሉ፤ ስንቱ ተገዛ፣ ስንቱ በነፃ ታደለ በሉት። በነፃ መታደሉ ነውር የለውም። ቼልሲና ኬንዚንግተን ሰፈር በየበሩ የሚገባ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ መጽሔት አለ። ግን በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ መናገር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። «የእንግሊዝ ሀብታም» የሚባል አንድ ሰው የለም፤ ብዙ ዓይነት ነው። እኔ የሠራሁበት ሱቅ ምዕራብ ለንደን ነበር። ማን ምን እንደሚገዛ ከበር ሲገባ አውቅ ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ የሚመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ክርኑ ላይ የተበሳ ሹራብ፣ ጭቃ የያዘ ጫማ። አይተህ ምሳ ልትጋብዛቸው ያምርሃል። እሳቸው ካንትሪ ላይፍ ነው የሚወስዱት። 1897 የተጀመረ ሳምንታዊ መጽሔት ነው። ስትገልጠው መጀመሪያ የምታገኘው ወሬ ሳይሆን የሚሸጥ ቤት ነው። ገጽ በገጽ ቤት፤ ከነጋጣው፣ ከነጫካው፣ ከነወንዙ። ቤቶቹ ሲያልቁ የአንዲት ወጣት ሴት ሙሉ ገጽ ፎቶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ለመዳር የደረሰች የደህና ቤት ልጅ ናት። እዚያ ገጽ ላይ መውጣት በነሱ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። አንገቷ ላይ ዕንቁ ካለ የአያቷ ነው። ይኼን ልብ በልልኝ፤ የዚህ መጽሔት ሰው ጌጥ አይገዛም፣ ይወርሳል። ገንዘቡን የሚያወጣው ለጣሪያ ጥገናና ለውሻ ነው።

ታትለር ሌላ ነው። የአሁኑ ታትለር ከ1901 ጀምሮ አለ፤ ስሙን የወሰደው ግን በ1709 ይታተም ከነበረ ሌላ ወረቀት ነው። የግብዣና የሠርግ ፎቶ አለው። ማን ከማን ጋር ቆመ፣ ማን ምን ለበሰ። የሚገዙት ሴቶች እዚያው መደርደሪያው ሥር ቆመው የፎቶውን ገጽ ፈልገው ያወጡና ራሳቸውን ይፈልጋሉ። ካጡ መልሰው ያስቀምጡታል! እነዚህ ጌጥ ይገዛሉ። ግን ስም ያለው ጌጥ ነው የሚገዙት፤ ጓደኛዋ ስታየው የማን እንደሆነ ማወቅ አለባት።

ቅዳሜ የሚመጡት የባንክና የፈንድ ሰዎች ናቸው። ፋይናንሺያል ታይምስ የሚባለውን ሮዝ ጋዜጣ ይገዛሉ፤ ከ1893 ጀምሮ ወረቀቱ ሮዝ ነው። በውስጡ ኤች ቲ ኤስ አይ የሚባል መጽሔት አለ። እስከ 2022 ድረስ ስሙ «ሃው ቱ ስፔንድ ኢት» ነበር፤ በግልጽ «ገንዘቡን እንዴት ታወጣዋለህ» እንደማለት፤ ከዚያ በአራት ፊደል አሳጠሩት። ይኼ ሰው ሠርቶ ያገኘ ነው። ለሚስቱ ልደት ሌላ ሰው የሌለውን ነገር ፍለጋ ላይ ነው። ድንጋዩ ከየት ወጣ፣ ማን ቆረጠው፣ ለምን እንዲህ ያበራል ብሎ ያነባል። ልጄ፣ ያንተ ሰው እሱ ነው።

ቮግና ሃርፐርስ ባዛር ግሩም የጌጥ ገጾች አሏቸው። ማስታወቂያ ልግዛ ካልክ ግን የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሁሉ የፓሪስ ሽቶና የስዊስ ሰዓት ይዞታል። ያንተ ግማሽ ገጽ ከኋላ ተወሽቆ ይቀራል።

እንግዲህ መጽሔት ስትመዝን ጽሑፉን ለጊዜው ተወው፤ ማስታወቂያውን ቁጠር። ያን ሁሉ ፓውንድ የሚከፍል ድርጅት አንባቢው ማን እንደሆነ አጣርቶ ነው የከፈለው። የአክስትህ ልጅ ሰፈሩ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሂድ። አባል ከሆነ ብዙዎቹ መጽሔቶች በስልኩም በነፃ ይከፈቱለታል። የአንድ መጽሔት ሦስት ተከታታይ እትም አጠገብ ላጠገብ ይዘርጋ። ያንተን የሚያክል ትንሽ ጌጥ ሠሪ ሦስቱም ላይ ካለ፣ ሰውየው እየሸጠ ነው ማለት ነው። አንዴ ታይቶ ከጠፋ ገንዘቡ ውሃ በልቶታል። አንዳንዱ ላይ አዛውንትን ደረጃ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ ወንበር ማስታወቂያ ይበዛል። አንባቢው ሀብታም ነው፣ ግን ጉልበቱ ደክሟል፤ ለጆሮ ጌጥ አይቸኩልም።

አሁን እኔ አንተን ብሆን የማደርገውን ልንገርህ። ግማሽ ገጹን ትቼ ድንጋዩን እልካለሁ።

ትልልቆቹ መጽሔቶች ጌጥ ብቻ የሚከታተል አዘጋጅ አላቸው። ስሙ የመጽሔቱ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ከሠራተኞቹ ዝርዝር ጋር ይጻፋል። ለሱ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ ሁለት ጥሩ ፎቶ አያይዙ፤ ድንጋዩን ማየት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ፎቶው ነጭ ጨርቅ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ ይነሳ። የናንተ ኦፓል በፍላሽ ሲነሳ ቀለሙ ይሞታል፤ ይኼን እኔ ላንተ አልነግርህም።

ጊዜውን ጠብቁ። በነሱ ባህል ኦፓል የጥቅምት፣ የኦክቶበር ልጆች ድንጋይ ነው። ወርሃዊ መጽሔት ደግሞ ወሩ ሳይገባ ቀድሞ ነው የሚወጣው፤ የኦክቶበሩ እትም ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ሱቅ ይደርሳል። የሚዘጋጀው በክረምቱ መግቢያ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በሜይ፣ ቢዘገይ በጁን እጃቸው ይግባ። መስከረም ላይ የሚጽፍ ሰው ለመጪው ዓመት ነው የጻፈው።

ምን ትጽፋለህ? ያለህን። ዓለም የወሎን ኦፓል ያወቀው ከ2008 ወዲህ ነው። ወገል ጤና ዙሪያ ልጆቹ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥለው ኦፓል ያለባትን ስስ ንጣፍ ተከትለው ሲቆፍሩ አይተህ አድገሃል። ይኼን ለንደን ቁጭ ብሎ ማንም አይጽፈውም። ሌላም አለልህ። በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ የደረሰው ደላንታን አቋርጦ፣ በሽሎን ተሻግሮ ነው። ከመቅደላ ዘውዱንም ብራናውንም ጭነው ሄዱ። የረገጡት አምባ ገደል ውስጥ ምን እንዳለ ግን አላወቁም። የናፒየር ሐውልት ዛሬም ለንደን፣ ኩዊንስ ጌት ላይ ፈረስ ተቀምጦ ቆሟል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ገላምጬው ነው የማልፈው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አንተ ግን ስትጽፍ ቂምም ልመናም አታስገባበት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። አዘጋጁ ገብቶት ራሱ ይጠይቅሃል።

የምትደብቁት ነገር አይኑር። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብትጥለው ቀለሙ ይሸሽና እንደ መስታወት ይሆናል፤ ሲደርቅ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። አንተ ታውቃለህ። ገላዋን ስትታጠብ ያላወለቀችው እንግሊዛዊት አታውቅም። ጠዋት ድንጋዩን ስታየው ተጭበረበርኩ ብላ ትጮኻለች። ስለዚህ ከጌጡ ጋር ትንሽ ካርድ ይግባ፤ ውሃ፣ ሽቶና ቅባት አይንካው ተብሎ ይጻፍበት። በጭስ የጠቆረ ወይም ቀለም የተነከረ ድንጋይ ካለ ይነገር። ቀለበት አታብዛ፤ ድንጋዩ ለስላሳ ነው፣ ጣት ላይ ቶሎ ይጫራል። ጆሮና አንገት ይሻለዋል።

ብሩም ሕግ አለው። እንግሊዝ አገር ከ7.78 ግራም በላይ የሆነ የብር ጌጥ፣ ከ1 ግራም በላይ የሆነ የወርቅ ጌጥ፣ በይፋ መርማሪ ቤት ተፈትኖ ማኅተም ካልተመታበት ብር ነው ወርቅ ነው ብሎ መሸጥ አይቻልም። ለንደን ውስጥ ይኼ የሚሠራው ጎልድስሚዝስ ሆል ነው። የአክስትህ ልጅ ሃተን ጋርደን ያሉትን ጌጥ ሠሪዎች ቢጠይቅ መንገዱን ያሳዩታል። አዘጋጁ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ማኅተሙን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። «ጽሑፍ እንሠራላችኋለን፣ ይኼን ያህል ክፈሉ» የሚል ከመጣ ያው ማስታወቂያ ነው። በሕጋቸውም ማስታወቂያ መሆኑ ገጹ ላይ መጻፍ አለበት። የሚጽፍ አዘጋጅ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንዲት አሮጊት ደግሞ ኦፓል ገደ ቢስ ነው ብትላችሁ አትደንግጡ፤ የቆየ ወሬያቸው ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ እኮ ትወደው ነበር፣ ለልጆቿም ትሰጥ ነበር በሏት። ዝም ትላለች።

ጥያቄ፦ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። የበግ ሱፍ ባና እና ጋቢ እናሠራለን። ለእንግሊዝ ሀብታም ቤት የሚሆን ነው ይሉናል። በየትኛው መጽሔት እንሞክር?
ሸማኔ አሠሪው

መልስ፦ ከላይ ለኦፓል ቆራጩ ያልኩት ላንተም ይሠራል፤ መጽሔቱ ግን ይለያል። ዘ ወርልድ ኦፍ ኢንቲርየርስን ተመልከት፤ ከ1981 ጀምሮ ይታተማል። ሃውስ ኤንድ ጋርደንም አለ። እነዚህን ሀብታሙ ብቻ ሳይሆን ለሀብታሙ ቤት የሚያሳምርለት ባለሙያም ያነባቸዋል። አንዱ ባለሙያ ከወደደህ አሥር ቤት ታገኛለህ። ለአዘጋጁ ፎቶ ብቻ አትላክ፤ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ባና በፖስታ ላክ። ሱፉን በጣቱ ይዳስሰው። እጥበቱን ግን ደህና አድርገው፤ የበግ ሽታ ያለው ፖስታ ከጠረጴዛው አያልፍም።

ጥያቄ፦ እታለሜ፣ ላሊበላ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። ለገናና ለጥምቀት የእንግሊዝ ሽማግሎች ያርፉብኛል፤ ደህና ኑሮ ያላቸው ናቸው። ሳሎኑ ላይ የነሱን መጽሔት ላስቀምጥ ብዬ ነው። አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ የፋሽን መጽሔት ላምጣልሽ አለኝ። ልቀበለው?
ከላሊበላ

መልስ፦ እህቴ፣ የፋሽኑን ተይው። በዚያ ዕድሜ ቤተ ጊዮርጊስን ለማየት ቁልቁል የሚወርድ ሰው የቀሚስ ፎቶ አያምረውም። አብዛኞቹ የአትክልት፣ የወፍና የአሮጌ ቤት ሰዎች ናቸው። ካንትሪ ላይፍ አስቀምጪላቸው። የዓመት አሮጌ ቢሆን ችግር የለውም፤ የሚሸጡትን ቤቶች እያዩ ዋጋው በዛ፣ አነሰ ሲባባሉ ያመሻሉ። ዘ ወርልድ ኦፍ ኢንቲርየርስም ጥሩ ነው፤ ሥዕሉ ብዙ ነው። ኮንዴ ናስት ትራቨለርን ግን አልመክርሽም። አንቺ ቤት ተቀምጠው ስለ ሌላ አገር ሆቴል ለምን ያንብቡ?

ደግሞ እንዳትገዢ። የፖስታው ዋጋ ከመጽሔቱ ይበልጣል። ክፍል ሲይዙ በምትልኪላቸው መልእክት ላይ «አንብበው የጨረሱት መጽሔት ካለ ቢያመጡልን ደስ ይለናል» ብለሽ ጨምሪበት። ትንሽ ነገር ሲጠየቁ ይወዳሉ፤ ሁለት ሦስት ይዘው ይመጣሉ። የመጣውን ሁሉ ግን አታውጪው። ዘ ፊልድ የሚባል የአደን መጽሔት አለ፤ የተገደለ ወፍ በረድፍ የተደረደረበት ፎቶ አይጠፋውም። በገና ጾም፣ ቀሳውስት ጎራ በሚሉበት ሳሎን ጥሩ አይደለም።

ከመጽሔቱ አጠገብ እርሳስ አስቀምጪ። ካንትሪ ላይፍ የቃላት መሙያ አለው፤ እሱን ሳይሞክር የሚተኛ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ጥቂት ነው። ላጲስም ጨምሪበት፤ የመጀመሪያው እንግዳ የሞላውን ለሚቀጥለው ታጠፊለታለሽ።