የእሳት ማጥፊያ ከመግዛትህ በፊት መወጣጫ ደረጃህን እይ

ከድሬዳዋ፣ ከመጋላ ሰፈር የተጻፈልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይኼ ነው። «ጂ ፕላስ ዋን ቤት አለን። ምድሩን ለጨርቅ ሱቅ አከራይተነዋል። ላይኛው መኖሪያ ነበር፣ አሁን አድሼ ፔንሲዮን ላደርገው ነው። ቤቱ የተሠራው የሕንጻ አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ነው። ታዲያ የእሳት ነገር እኔን ይመለከተኛል? አራት ማጥፊያ ገዝቼ ብሰቅል አይበቃም?»

አይበቃም ወንድሜ። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲወጣ ቤትህ ቆሞ ነበር፣ እሺ። አሁን ግን አገልግሎቱን ልትቀይር ነው። መኖሪያ ፔንሲዮን ሲሆን ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የሕንጻ ሹሙም ቤቱን በአዲሱ ሥራው ነው የሚያየው። ያ አዋጅ ሕንጻን በምድብ ሲከፍል ምድብ ሐ ያለው ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን ሕንጻ ብቻ አልነበረም፣ ሕዝብ የሚገለገልበትንም እዚያው አስገብቶታል። ስለዚህ ፕላን ከማሠራትህ በፊት ሄደህ ምድብህንና አሁን የሚሠራበትን መመሪያ ጠይቅ። ሕግ ይሻሻላል። ጎረቤትህ የዛሬ ስንት ዓመት ያስገባውን ወረቀት ኮርጀህ ብትሄድ ይመልሱሃል።

አሁን ወደ ቤቱ። የላክኸው ፎቶ ላይ ያስደነገጠኝ ደረጃው ነው። አንድ ደረጃ ብቻ፣ እሱም ከሱቁ ጀርባ ክፍቱን ወደ ላይ የሚወጣ፣ ሥሩ ደግሞ ጄኔሬተርና የቤንዚን ጀሪካን ተቀምጦበታል! ጨርቅ ሲቃጠል ጭሱ ብዙ ነው፣ ጭስ ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ እንግዳው ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ኮሪደሩ ይሞላል። ሰው እሳቱ ሳይደርስበት በጭሱ ያልቃል። እና መጀመሪያ ጀሪካኑን ዛሬውኑ አውጣው፣ ለዚህ ፈቃድ አትጠብቅ። ቀጥሎ ሱቁንና ደረጃውን በብሎኬት ለይ፣ ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ እንዳይቆም፣ እስከ ሶሌታው (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ይድረስና በሁለቱም በኩል ይለሰን። የሽቦና የቧንቧ ቀዳዳዎችንም በሲሚንቶ ድፈን። በጓሮ በኩል ደግሞ ሁለተኛ መውጫ የብረት ደረጃ አሠራ፣ ግን በሱቁ የኋላ መስኮት ፊት አይለፍ፣ ነበልባል በመስኮት ይወጣል።

ሌባ ፈርተን መስኮቱን ሁሉ በፍርግርግ እንዘጋለን። ይገባኛል። ቢያንስ በየክፍሉ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ የሚከፈት፣ መቀርቀሪያው በውስጥ ያለ፣ ቁልፍ የማይፈልግ ይሁን። የታችኛውንም በር ማታ ዘበኛው በውጭ በጓጉንቸር እንዳይቆልፈው። እንግዳ ተኝቶ በውጭ የተቆለፈ በር እኔ ሳይ ደሜ ይፈላል።

ኤሌክትሪኩን በደንብ ላስረዳህ፣ እዚህ ከተማ ላይ በጣም የምፈራው እሱን ነው። «ብሬከሩ እየጣለ አስቸገረኝ፣ በ32 አምፔር አስቀየርኩት» ብለሃል። በሶኬት መስመር ላይ ያለው ሽቦህ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል፣ መስመሩ በዚያው ሞላ። በዚያ ላይ ኤሲ ሲጨመር ብሬከሩ የጣለው ሥራውን ስለሠራ ነው። በ32 ስትቀይረው ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ግን ይግላል። የኛ ሙቀት ደግሞ አለ። ሽቦ ስንት አምፔር እንደሚሸከም የሚያሳየው ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለ30 ዲግሪ ነው፣ በ40 ዲግሪ ተራው የፒቪሲ ሽቦ የመሸከም አቅሙ ከአሥር በመቶ በላይ ይቀንሳል። በድሬ ቀትር ከቆርቆሮው ሥር ያለው ኮርኒስ ውስጥ ከ40ም ያልፋል። ስለዚህ ብሬከሩን ወደ 16 መልሰው። ለምጣዱ ባለ 4 ሽቦ በራሱ ብሬከር ለብቻው ይሳብለት፣ ለየኤሲውም እንዲሁ። የተጠማዘዘና በፕላስተር የታሰረ መጋጠሚያ ካገኘህ ፍታና በሳጥን ውስጥ በክሌመንት (በብሎን በሚጠብቅ የሽቦ ማያያዣ) አስረው።

የቡታጋዝ ሲሊንደር ደረጃ ሥር አይቀመጥ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ካፈተለከ መሬት ለመሬት ሄዶ ጥግ ላይ ይጠራቀማል። ውጭ፣ ጥላ ያለበት ቦታ አድርገው።

ማጥፊያው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ለኮሪደሩ ፓውደር፣ ለኤሌክትሪክ ቦርዱ አጠገብ ካርቦንዳይኦክሳይድ። ፓውደሩን ስትገዛ መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑን እይ። ካርቦንዳይኦክሳይዱ መርፌ የለውም፣ ሙሉ መሆኑ የሚታወቀው በሚዛን ነው፣ ሻጩ ፊትህ ይመዝንልህ። የምታሠራቸውን ልጆችም አሳያቸው፦ ዘይትና ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ አይደፋም።