ከሕንድ ጨርቅ ወደ ግድግዳ፦ ለወጣት ዲዛይነሮች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

አስተያየት ስጡን እያላችሁ የምታመጡልኝን የግድግዳ ወረቀት ንድፎች ደጋግሜ አይቻለሁ። የአብዛኞቹ አሠራር ተመሳሳይ ነው። የሕንድ የእጅ ሥራ ጨርቅ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ኮምፒውተር ላይ ይጸዳል፣ ይባዛል፤ ከዚያም «ከባህላዊ የሕንድ ጥበብ የተቀዳ» ተብሎ ገበያ ይወጣል። በናሙና ደብተሩ ላይ ያምራል፤ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ግን ይሞታል። ዕድሜዬን ግድግዳ በማልበስ ስለጨረስኩ፣ ለምን እንደሚሞት ልንገራችሁ።

ከሕንዷ ጃይፑር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ባግሩ ጨርቅ የሚታተመው በእጅ በተቀረጸ የእንጨት ማኅተም ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ጆንያ እየተደራረበበት እንዲለሰልስ ይደረጋል። አታሚው ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ ጨርቁ ላይ ያሳርፍና ጀርባውን በእጁ መታ ያደርገዋል። አንዲት አበባ በአንድ ማኅተም አታልቅም፤ ለጠርዟ መስመር አንድ፣ ለመደቡ አንድ፣ ለውስጧ ቀለም ደግሞ ሌላ ያስፈልጋል። ቀለም እንዳይነካው የሚፈለገው ቦታ ዳቡ በሚባል ጭቃ ይሸፈናል። ጭቃው ኖራ፣ ሙጫና ነቀዝ የበላው ስንዴ ዱቄት አለበት። ሰጋቱራ ይነሰነስበታል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ጨርቁ ኢንዲጎ በሚባል ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይነከራል። የደረቀው ጭቃ ሲሰነጠቅ ቀለሙ በስንጥቁ ሾልኮ ይገባና እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሰማያዊ መስመሮች ይተዋል። ዓይናችሁን የሳበው እሱ ነው፤ በዚያው ጨርቅ ላይ እንኳ ሁለት ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ አይገኝም።

እናንተ ደግሞ ከዚያ ሁሉ አንዷን የማኅተም ምት ቆርጣችሁ ታባዟታላችሁ። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። የተለመደው የግድግዳ ወረቀት ጥቅል ወርዱ 53 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አምስት ሜትር ግድግዳ ዐሥር ቁራጭ ያህል ይፈልጋል። ንድፉ በአንድ ቁራጭ ወርድ ሁለት ጊዜ፣ ቁመቱም በዚያው ልክ የሚደጋገም ከሆነ፣ በዚያች ምት ላይ ቀለም የፈሰሰባት አንዲት ቅጠል ተራ ከፍታ ባለው ክፍል ውስጥ ከመቶ ሃምሳ ጊዜ በላይ ትታያለች። ሶፋው ላይ የተቀመጠ እንግዳ ቡናው ሳይፈላ ያገኛታል፤ ካገኛት በኋላ ሌላ ነገር አያይም። በእጅ ሥራ ላይ ውበት የነበረው መዛነፍ በድግግሞሽ የማተሚያ ቤት ስህተት ይመስላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አታሚው ሦስት ሜትር ጨርቅ በራሱ እጅ፣ በራሱ ፍጥነት እንዲያትምላችሁ አድርጉ። ጨርቁን ሙሉውን ቅዱት፤ ንድፉ ወደ መጀመሪያው ሳይመለስ ያን ሁሉ ርዝመት እንዲሄድ ተዉት። የዲጂታል ማተሚያ፣ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ንድፉን እንደሚደግመው እንደ ድሮው ሲሊንደር ገደብ ስለሌለው በመሣሪያ ማመካኘት አይቻልም።

ኢካት የሚባለውንም ጨርቅ እንደዚሁ ነው የምታበላሹት። በኢካት ክሩ ገና ሳይሸመን እየታሰረ ይነከራል፤ ቅርጹ የሚወጣው በሽመናው ላይ ነው። የተነከረው ድሩ ከሆነ የቅርጹ ጠርዝ በጨርቁ ቁመት ይደበዝዛል፤ ማጉ ከሆነ በወርዱ። በጉጃራት ፓታን ከተማ የሚሠራው ፓቶላ ሁለቱም ተነክረው በየመገናኛቸው እንዲገጥሙ ስለሚደረግ ለአንድ ሳሪ፣ ማለትም የሕንድ ሴቶች ለሚጠመጥሙት ረጅም ልብስ፣ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። ድብዝዝታው አቅጣጫ አለው ማለት ነው። በኮምፒውተር በየአቅጣጫው አደብዝዛችሁ ኢካት ነው ስትሉ የሕንዱን ሸማኔ ተዉት፣ የሽሮ ሜዳው እንኳ ድሩ የቱ ነው፣ ማጉ የቱ ነው ብሎ ያፋጥጣችኋል።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልበል። በዚያው በጉጃራት፣ በካች አካባቢ የሚታተመው አጅራክ የሚባል ጨርቅ ቀለሞቹን ከአሠራሩ ያገኛል፦ ሰማያዊው ከኢንዲጎ፣ ጥቁሩ ከአሮጌ ብረትና ከሸንኮራ ጥቁር ስኳር ቡኮ፣ ቀዩ ቀለም ከሚያስይዘው አልም የተባለ ጨውና ከተክል ሥር፣ ነጩ ደግሞ ኖራና ሙጫ ከሸፈነው ቦታ። ደንበኛ ሮዝ አድርጉልኝ ሲል እምቢ በሉ አልልም። ግን ከእነዚህ አራት ሌላ ቀለም ስትጨምሩ ምክንያታችሁን ለራሳችሁ መናገር ቻሉ።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ። አብዛኞቻችሁ መነሻ የምታደርጉት ሳሪን ነው። ሳሪ ለሰው አካል የተሠራ ነው፤ ጠርዙ እግር ላይ እንዲዞር፣ ያጌጠው ጫፉ ከትከሻ እንዲወርድ የታሰበ ነው። ግድግዳ ትከሻ የለውም። ሕንድ ግን ከጥንትም ግድግዳ እንዲሆን የታሰበ ጨርቅ ነበራት። ሕንድን ይገዙ የነበሩት የሞጉል ነገሥታት የድንኳን ሰፈር ቃናት በሚባሉ የጨርቅ ግድግዳዎች ይከለል ነበር፤ በየክፍሉ በቅስት ሥር አንድ ያበበ ተክል ቆሞ ይታያል። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚሄድ፣ ጎን ለጎን የሚገጥም፣ መጠኑ ለቆመ ሰው ዓይን የተለካ ንድፍ ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ለንደን ውስጥም ሳሙኤል ፒፕስ የተባለ የባሕር ኃይል ሹም እ.ኤ.አ. በ1663 ለሚስቱ የንባብ ክፍል ግድግዳ የሚሆን ቀለም የተቀባ የሕንድ ጨርቅ መግዛቱን በዕለት ማስታወሻው አስፍሯል። (በጎንደር አብያተ ክርስቲያናትም በጨርቅ ላይ የተሣለ ሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ እንደነበር አትርሱ።)

በአሕመዳባድ ደግሞ ማታ ኒ ፓቼዲ የሚባል ጨርቅ አለ፤ ቀይና ጥቁር፣ መካከሉ ላይ እናት አምላክ የተቀመጠችበት። የሠሩት ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ የተከለከሉ ሰዎች ናቸው፤ ጨርቁን ዙሪያውን ሰቅለው የራሳቸውን መቅደስ ያቆሙበት ነበር። ይህን ንድፍ ለመታጠቢያ ቤት ግድግዳ የጠየቀኝ ደንበኛ ነበር። አልሠራም ብዬ ወጣሁ፤ እናንተም ውጡ። የአበባና የሐረግ ንድፍ ሞልቶ ሳለ ሰው የሚሰግድለትን ምስል ሳሙና ማስቀመጫ አጠገብ መለጠፍ ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

የገንዘቡን ነገር ሳላነሣ ብተወው ደብዳቤው ጎደሎ ይሆናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንዷ ፔዝሊ ከተማ ሸማኔዎች የካሽሚርን ሻል እየቀዱ በርካሽ ሲሸጡ ለካሽሚር ሸማኔ የደረሰው ነገር የለም። ዛሬ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣችውና በ2003 ሥራ ላይ የዋለው የጂኦግራፊያዊ አመልካች ሕግ፣ ማለትም የአንድን አካባቢ ስም ለዚያው አካባቢ ምርት የሚጠብቅ ሕግ አላት፤ የሳንጋኔር ኅትመትና የፖቻምፓሊ ኢካት በዚህ ሕግ ተመዝግበዋል። ስለዚህ በማሽን የታተመ ወረቀት ላይ እነዚህን ስሞች እንደ ዕቃው ስም አትለጥፉ። ለአታሚው አንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል የተለመደ ነው፤ እኔ የምመክረው ግን ከሚሸጠው ጥቅል ሁሉ ድርሻ እንዲኖረው በውል ማስፈር ነው። ፈቃደኛ ከሆነም ስሙና ከተማው በናሙና ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ በመጨረሻው ገጽ ሳይሆን ንድፉ ባለበት ገጽ። ደንበኛው ዋጋው በዛ ካለ ክርክር ውስጥ አትግቡ። ያንን ሦስት ሜትር ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱና ከወረቀቱ ጎን ዘርጉለት።