ምድጃውን አትቀይሪው፤ ሰጋቱራውን እይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። «ደሴ፣ ሮቢት ሰፈር ነኝ፤ የሰጋቱራ ምድጃ ገዝቼ ቤቱን በጭስ ሞላው፤ ድስቱ ሳይፈላ ደግሞ መሃል ላይ ይጠፋል፤ ምድጃውን ልቀይረው?» ብለሻል። አትቀይሪው! እኔ ቀይሬ ነው የማውቀው። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው አጨሰ። «ላሜራው ሳስቶ ነው» የሚሉሽን ተያቸው። የመጀመሪያው ምድጃዬ የ20 ሊትር የቀለም ቆርቆሮ ነው። ከሱ የሳሳ የለም፤ ዛሬም ሽሮ ይሠራል።

1. ሰጋቱራውን ጨብጪው። አንድ እፍኝ ጨምቀሽ መዳፍሽን ስትከፍቺ እንደ ጭብጦ ከቆመ እርጥብ ነው። ጭስ እንጂ እሳት አይሰጥሽም። ደሴን ደግሞ ታውቂያታለሽ፤ ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ማዳበሪያ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። እኔ ክረምት ሳይገባ ሸራ ላይ አስጥቼ ነው የማስቀምጠው። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ይሄ ሁሉ ልፋት አይገባትም፤ እሷ ጋ ፀሐይ መች ጠፍታ!

2. ከምን እንጨት እንደወጣ ጠይቂ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

አምና ጥቅምት ላይ፣ ብርዱ ሲጀምር፣ ሁሌ የምወስድበት ቤት ሰጋቱራ አለቀበት። ሌላ እንጨት ቤት ሄድኩ። ድርቅ ያለ፣ እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ አገኘሁ። ስድስት ማዳበሪያ በባጃጅ አስጭኜ መጣሁ። «እንዲህ ያለ ንጹሕ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። ጉረኛ ነኝ፣ አልደብቅም።

ማታ ለኮስኩት። ጭሱ እንጨት እንጨት አይልም፤ የተቃጠለ ማስቲሽ ነው የሚሸተው። ዓይኔን ለበለበኝ። ልጄ ማሳል ጀመረች። ጀበናው ራሱ ያን ሽታ ያዘ። እሳቱም አልቆየ፤ ሩብ ሰዓት ነደደና ጭስ ብቻ ሆነ። እኔ የጠረጠርኩት ምድጃውን ነው። ብየዳ ቤት ሄጄ በወፍራም ላሜራ፣ እጀታ ያለው አዲስ አሠራሁ። ያው ሆነ።

በኋላ አናጢ የሆነው የአክስቴ ልጅ መጣ። አንድ እፍኝ አንሥቶ በጣቱ አሸት አሸት አደረገና «ይሄ እኮ ኤምዲኤፍ ነው» አለኝ። አሁን ቁም ሳጥኑም የኪችን ካቢኔቱም በብዛት የሚሠራው በኤምዲኤፍና በቺፑድ ነው። እነሱ በሙጫ የተጋገረ የእንጨት ብናኝ ናቸው። ሲነዱ ፎርማልዴሃይድ የሚባል፣ ዓይንና ጉሮሮ የሚቆጠቁጥ ጋዝ ይለቃሉ። ዱቄቱ ደግሞ በጣም የላመ ስለሆነ ሲጠቀጠቅ አየር አያሳልፍም። ለዚያ ነው የሚጠፋው። የጣውላ ሰጋቱራ ግን ቅንጣቱ ጣትሽ ላይ ይታወቅሻል፤ ሽታውም የባሕር ዛፍ ወይም የጥድ ነው።

ተናድጄ ልመልስለት ሄድኩ። ባለቤቱ ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም። «ሰጋቱራ ሰጋቱራ ነው። ልታነጂው ነው ልትጋግሪው?» አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ገንዘቤንም አልመለሰም። ወላሂ፣ ከጭሱ ይልቅ ያ ሳቅ ነው ያቃጠለኝ። የተረፈው ዱቄት እስካሁን ጓሮ አለ፤ ዝናብ መትቶት እንደ ቡኮ አብጧል።

ይህን በስልክ ለእህቴ ስነግራት እሷም ሳቀችብኝ፤ ከዚያ የራሷን ጉድ አወጣች። ሰሜን ጣሊያን ነው የምትኖረው። ቤቷን የምታሞቀው በፔሌት ምድጃ ነው። ፔሌት ማለት ሰጋቱራ በኃይል ተጨምቆ፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እንክብል ሆኖ ነው። (ሰጋቱራ የሚለው ቃል ራሱ የነሱ ነው፤ ለኛ አናጢዎች ትተውት የሄዱት።) ምድጃዋ በኤሌክትሪክ ይለኮሳል፣ ጠመዝማዛ ብረት ፔሌቱን ቀስ በቀስ ያቀብለዋል፣ ማራገቢያም አለው። መብራት ከጠፋ ግን እሱም ቀጥ ነው። ደህናው ፔሌት እርጥበቱ ከ10 በመቶ አያልፍም። እሷ ርካሹን ገዛች። መስታወቱ ጠቆረ፣ እሳቱም ፈዘዘ። ባለሙያ ጠርታ ከፈለች። ሰውየው ያደረገው ምን መሰለሽ? የሚነድበትን ሳህን ቀዳዳዎች የደፈነውን የአመድ ቅርፊት ፈቅፍቆላት ሄደ። በቃ! ያንቺም ምድጃ የሚተነፍሰው ከታች ባለው ቀዳዳ ነው። ከመሙላትሽ በፊት አመዱን ጠርገሽ አውጪ።

ቁጥሩ ጠፋብኝ። ስለ አጠቃጠቁ ልንገርሽ። አንድ ጠርሙስ ምድጃው መሃል አቁሚ። በታችኛው ቀዳዳ ደግሞ ዱላ አስገብተሽ ከጠርሙሱ ጋር አገናኚ። ሰጋቱራውን ሁሉንም በአንዴ አትድፊው፤ አራት ጣት ያህል ጨምረሽ በዘነዘና ጠቅጥቂ፣ ደግሞ ጨምሪ። ከላላ ተንዶ ጠርሙሱ የሚተወውን የመሃል ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ መሃል ላይ የሚጠፋብሽ አንዱም ለዚህ ይሆናል። ስትጨርሺ መጀመሪያ ዱላውን ሳቢ። ጠርሙሱን በቦታው ዞር ዞር አድርገሽ ቀጥ አድርገሽ ንቀዪ፤ ወዲያ ወዲህ ካወዛወዝሽው ተሰነጠቀ። በታችኛው ቀዳዳ በጭራሮ ለኩሺ። እኔ ጠዋት ለኩሼው ወጡንም ቡናውንም ጨርሶ ለእግር ውኃ ይተርፋል።

«ቤቱን ሞላው» ስላልሽ ውስጥ ነው የምታነጂው ማለት ነው። ዛሬውኑ አውጪው። ጭሱ ቆሞ ፍሙ ሲቀላ ደግሞ ይብሳል፤ ፍሙ የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ባለቤቴ ኅዳር ላይ አንድ ማታ «ጭሱ አልቋል» ብሎ ለሙቀት መኝታ ቤት አስገባው። ሌሊት ልጄ «ራሴን፣ ራሴን» እያለች ስታስመልስ ነው የነቃነው። እሱ በሩን ሊከፍት ሲነሣ ጉልበቱ ከዳው፤ እየዳኸ ነው የከፈተው። ከዚያ ወዲህ ምድጃው ከማድቤቱ ደፍ ወደ ቤት አያልፍም። ለብርዱ ጋቢ ደርበን እንተኛለን።

ጣውላ ብቻ የሚሰነጥቀውን ቤት በውስጥ ጻፊልኝ፣ እነግርሻለሁ። ግን ቅዳሜ በጠዋት ሂጂ፤ ካረፈድሽ ዶሮ አርቢዎቹ ጠርገው ይወስዱታል።