«ሊች» ወይስ «ሊክ»?

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ አዘዞ፣ እኛ ቤት፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ ዳይስ እየወረወሩ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱትን የምናብ ጨዋታ እንጫወታለን። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ጨዋታው በአማርኛ። ሞቶም የማይሞተውን ጠንቋይ አንዱ «ሊች» ሲል ሌላው «ሊክ» ይላል። የጨበጣ ውጊያውን እኔ «ሜሌ» ስል ደግሞ «ሚሊ ነው!» ብለው ይስቁብኛል። ማን ነው ልክ?
ዳይስ ወርዋሪው፣ ከጎንደር

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ሊች» ያለው ልክ ነው። ቃሉ ከድሮ እንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ ሬሳ ማለት ነው። «ሜሌ» ላይ ደግሞ አንተ ልክ ነህ። ከፈረንሳይኛ ነው የተወሰደው። የሳቁብህን ቡና አስከፍላቸው።

«ታራስክ» የሚሉት አውሬም ከዚያው ሰፈር ነው። ታራስኮን በምትባል የፕሮቨንስ ከተማ አፈ ታሪክ ውስጥ የሚገኝ ጭራቅ ነው። መጨረሻው «ክ» ነው፤ «ኩዌ» የሚል ካለ አስቁሙት።

ጣጣው «ድራው» ላይ ነው፤ ከመሬት በታች የሚኖሩት ኤልፎች (ሰው መሰል የተረት ፍጡራን) ስም ነው። «ድሮው» የሚሉም አሉ፤ ተጫዋቾች እስከ ዛሬ ያልተስማሙበት ቃል ነው። እኔ «ድራው» እላለሁ። በአማርኛ «ድሮው ኤልፍ መጣ» ስትሉ የድሮ ወዳጃችሁ የመጣ ነው የሚመስለው!

ስሞቹን የገጸ ባሕርይ ወረቀታችሁ ላይ በፊደል ጻፏቸው። ፊደላችን ግን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ ስለዚህ ጨዋታ መሪው መጀመሪያ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ራሳችሁ የፈጠራችሁት ስም ከሆነ የፈጣሪው አነጋገር ይጽና። ደግሞ ብዙ አትሳሳቁ፤ ቱሪስት «ቁስቋም» ለማለት ሲታገል ማንም አይቀጣውም።